ከጉዞው መልስ እነግራታለሁ

አንድ ሰው ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ ካርታ ዘርግቶ የሚያመሽ ሰው። ስሙን አልነግራችሁም። ስሙን ብነግራችሁ ከዚህ ስትወጡ ስለ እሱ ማውራት ትጀምራላችሁ፤ እኔ ደግሞ እሱን ላማላችሁ አልመጣሁም።

ሰውዬው የሚኖረው ኖርዌይ ነው። አንዲት ትንሽ የወደብ ከተማ ውስጥ፣ እሑድ ከሰዓት የአገሬውን ቤተ ክርስቲያን ተውሰው በአማርኛ የሚያመልኩ የኛ ሰዎች አሉ። ብዙ አይደሉም። አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ይማርህ ይላል። ከነሱ መካከል ሠርግ ሲኖር አዳራሽ የሚፈልገው፣ ለቅሶ ሲኖር ወንበር የሚያሰባስበው ይህ ሰው ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን ያዙልኝ። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ታሪኩን ለእናንተ ማምጣት አያስፈልገኝም ነበር፤ እናንተም ክፉ አይደላችሁምና።

ይህ ሰው ማኅበሩን በበጋ ሩቅ ቦታ ወስዶ ሊያሳርፍ አሰበ። እዚያ አገር ፊዮርድ የሚባል ነገር አለ። ባሕሩ ቀጥኖ በገደል መካከል ወደ አገሩ ሆድ ይገባል፤ ግራና ቀኙ ቀጥ ያለ ተራራ ነው፣ ከላይ ውሃ ይወርዳል። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ተራራው ጫፍ ላይ ከዘመናት በፊት የወረደ በረዶ ሳይቀልጥ ተጋግሮ ተኝቷል። የበረዶ ግግር ይሉታል። መንደር የለም፤ ሱቅ የለም፤ ስልክም ብዙ ቦታ አይሠራም። መንገዱ ባሕር ላይ ሲደርስ ያልቃል፤ መኪናውን ጀልባ ላይ ጭኖ መሻገር፣ እንደገና መንዳት፣ እንደገና ጀልባ።

የብርዱን ወራት ሁሉ ሲያቅድ ከረመ። ጀልባው ስንት ሰዓት እንደሚነሣ፣ ካመለጠስ ቀጣዩ መቼ እንደሆነ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት የት ጋ ወርደው እንደሚያርፉ፣ ሽሮውና ድርቆሹ በየትኛው መኪና እንደሚጫን፣ ዝናብ ቢመጣ የት እንደሚጠለሉ። በረዶው ላይ እንዳያንሸራትት ጫማ ሥር የሚታሰር የብረት ጥርስ እንኳ ለሁሉም በየእግራቸው ልክ ተከራየ። ጎበዝ ነው ወይስ አይደለም? ጎበዝ ነው። እኔም እንደሱ የሚያቅድ ሰው በዚህ ቤተ ክርስቲያን ባገኝ ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ብቻ በእጁ አልነበረም። እናቶችን የሚጭነውን ትልቁን መኪና የሚነዳ ሰው። የዚያን መኪና መንጃ ፈቃድ ያላት በማኅበሩ ውስጥ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ትርንጎ ትባላለች።

ትርንጎ ሥራዋ ይኸው ነው፤ ሽማግሌዎችን ከየቤታቸው አንሥታ ወደ ቀን መዋያቸው ታደርሳለች፣ ማታ ትመልሳለች። የሰው አባት ደግፋ ታወጣለች። የሰው አባት ቀበቶ ታስራለች። የራሷ አባት ግን አያናግሯትም።

አባቷ አቶ ውብእሸት የቡሬ ሰው ናቸው። ከአገር ስትወጣ ሳትነግራቸው ወጣች፤ ብነግራቸው ይከለክሉኛል ብላ። እሳቸው ልጃቸው መሄዷን የሰሙት ከጎረቤት ነው። ከዚያ ወዲህ በስልክ ድምፅዋን አልሰሙም። በየበዓሉ ትደውላለች፤ ወንድሟ ምናሉ ያነሣል፤ አባዬ፣ ትርንጎ ናት ይላቸዋል፤ እሳቸው ተነሥተው ወደ ጓሮ ይሄዳሉ። እሷም ሰላም በልልኝ ብላ ትዘጋለች። በዓል መጣ፣ በዓል ሄደ፤ እንዲሁ ነው።

እንግዲህ ስሙኝ። ሊነሡ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ ዕቃ እየተጫነ ሳለ፣ የሰውዬው ስልክ ጮኸ። ምናሉ ነው። ለምን ለእህቱ አልደወለም? ይህንንማ ለእናንተ ማስረዳት የለብኝም። የኛ ሰው ክፉ ወሬ በቀጥታ ለባለቤቱ አይናገርም። አጠገቡ ያለ የታመነ ሰው ይፈልጋል። በሰው አገር፣ ብቻዋን በቆመችበት ሰምታ እንዳትወድቅ፣ ደግፎ የሚነግርልኝ ይኑር ይላል። መልካም ልማድ ነው። አልሰድበውም።

ምናሉ እንዲህ አለው፦ «አባዬ ተኝተዋል። ሐኪሞቹ ተስፋ አልሰጡንም፤ ግን ልባቸው አለ፣ ይናገራሉ። ዛሬ በራሳቸው አፍ ‹ትርንጎን አገናኙኝ፣ ልመርቃት› አሉ። አደራህን ወንድሜ፣ በዘዴ ነግረህ አስደውልልን።»

ሰምታችኋል? ስንት በዓል ወደ ጓሮ ሲሄዱ የኖሩ ሰውዬ፣ ልመርቃት አሉ። ቡሬ ድረስ ሂጂልኝ አልተባለችም። አንድ ስልክ ነው። አንድ ስልክ ደውላ፣ አንድ ምርቃት ተቀብላ፣ አባቷን በሰላም መሸኘት ነው የቀረላት ነገር። ያ ዕድል ደግሞ ያለው በአንድ ሰው እጅ ነው።

ሰውዬው አደራውን ተቀበለ። እሺ፣ እነግራታለሁ አለ። ስልኩን ዘጋና የተጫነውን ዕቃ አየ።

ከዚያ ማሰብ ጀመረ። ዛሬ ብነግራት ነገ አትነዳም። እሷ ካልነዳች ትልቁ መኪና አይነሣም፤ ትልቁ መኪና ካልተነሣ እናቶች ይቀራሉ፤ እናቶች ከቀሩ ጉዞው ጉዞ አይደለም። ደግሞም ልጅቷ ከመጣች ወዲህ ዕረፍት ወጥታ አታውቅም። ደግሞም ለአዛውንቱ ይህ ሕመም አዲሳቸው አይደለም፣ ባለፈውም ተነሥተዋል። ደግሞም ሰው ደንግጦ መሪ መያዝ የለበትም።

አያችሁ ሐሳቡ እንዴት እንደ ተደረደረ? የጀልባ ሰዓት በደረደረበት ጭንቅላቱ ነው የደረደረው።

ሚስቱ አጠገቡ ድርቆሹን በከረጢት እያሰረች ነበር። ከጉዞው መልስ እነግራታለሁ አላት፤ እስከዚያ ትረፍ፣ ትደሰት። ሚስቱ ምን አለች? እንግዲህ አንተ ታውቃለህ አለች። ወገኖቼ፣ ይህቺን ቃል ልብ በሉልኝ። አንተ ታውቃለህ። ስንት ጥፋት ነው በዚህች ቃል ተሸፍኖ በቤታችን ያለፈው? እሷም ታውቅ ነበር እኮ። እያወቀች ነው አንተ ታውቃለህ ያለችው።

እዚያ አምዱ ጋ የተቀመጣችሁ፣ ራሳችሁን ስትነቀንቁ አያለሁ። ልክ ነው እያላችሁ ነው። ደንግጣ ብትነዳ ሰው ትጨርስ ነበር እያላችሁ ነው። እኔ ደግሞ የምናደደው በዚህ ነው። ማን ንጂ አላት? ቁጭ ብላ ትደውል ነበር እኮ። ጉዞው ይቀር ነበር። ቢቀርስ? የበረዶው ግግር ከዘመናት ጀምሮ እዚያው ተኝቶ የለም ወይ? የት ይሄድ ነበር? የሚሄደውስ ማን ነበር?

ሄዱ። እግዚአብሔር የሠራው አገር ነው፣ ያምራል። መኪናው ከጀልባ ወረደ፣ ዋሻ ገባ፣ ወጣ፣ ሌላ ውሃ፣ ሌላ ተራራ። እናቶች ከኋላ ይዘምራሉ፤ ትርንጎ መሪ ይዛ ትቀበላለች። ሰውዬው አጠገቧ ተቀምጦ መንገድ ያሳያል። ያን ቀን እንዴት ያለ ደግ ሆነላት መሰላችሁ። ውሃ ይከፍትላታል፤ ምግብ ሲቀርብ መጀመሪያ ለእሷ ይላል፤ ብርድ እንዳይመታት የራሱን ጃኬት ሰጣት። እንዲህ ነን እኛ። የሰውን ነገር በኪሳችን ደብቀን ስንይዝ ደግነታችን ይበዛል።

ምናሉ ደወለ። ነገርካት ወይ ብሎ ጠየቀ። ሰውዬው ከመኪናው ራቅ ብሎ፣ እያዘጋጀኋት ነው አለው። እያዘጋጀኋት ነው። በምን? በሽሮና በመዝሙር? ማታ ማረፊያቸው ሲደርሱ መኪናዋን አቁማ ቁልፉን አስቀመጠች። ስትነዳ እንዳትደነግጥ የሚለው ምክንያት እዚያ ጋ አለቀ። አሁንስ? አሁንም ዝም። ነገ ደግሞ ግግሩን ልናይ ነው፣ ደስታዋን ለምን ልንጠቅባት ብሎ ዝም። ምክንያት ሲያልቅበት ሌላ ምክንያት ይወልዳል።

በማግስቱ ወደ በረዶው ወጡ። የምትመራቸው የአገሬው ሴት ሁሉንም በአንድ ገመድ አሰረቻቸው። ከዚያ እንዲህ ብላ አስጠነቀቀች፦ በረዶው ከላይ ደልዳላ መስሎ ከሥሩ የተሰነጠቀ ገደል ይኖረዋል። ስንጥቅ ያየ ሰው ወዲያው ይናገር። አይቶ ዝም ያለ እንደሆነ እሱ ራሱ ያልፋል፤ የሚወድቀው ከኋላው ያለው ነው።

የአገሩ ቋንቋ ለማይገባቸው እናቶች ይህን ማን ተረጎመላቸው? እሱ ነው። በራሱ አፍ፣ በጥሩ አማርኛ፣ «ያየ ሰው ዝም እንዳይል» አላቸው። ገመዱም ላይ ከኋላው የታሰረችው ትርንጎ ነበረች።

ከፍ ያለ ቦታ ሲደርሱ ቆሙ። በረዶው በስንጥቁ ውስጥ ሰማያዊ ነው፤ ከታች ፊዮርዱ ይታያል። ትርንጎ አየች፣ አየች፣ እንባዋ መጣ። ስልኳ ፎቶ ስታነሣ ባትሪው አልቋል። ወደ ሰውዬው ዞር አለች።

«ስልክህን ስጠኝ እስቲ» አለችው። «አባቴ ትዝ አለኝ። ባያነሣልኝም ልደውልለት።»

ወገኖቼ፣ እሱ እኮ ደብቆ መቅረት ብቻ ነው ያሰበው። እሷ ግን ራሷ መጥታ ጠየቀችው። በሩን ራሷ ከፈተችለት። የደበቀውን አውጥቶ ለመስጠት ከዚያ የቀለለ ሰዓት ይመጣል? ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነው። የሚሠራ መሆኑንም ያውቃል፤ ገና አሁን፣ እዚያው በረዶው ላይ፣ ምናሉ ደውሎ ሳያነሣው ቀርቷል።

«እዚህ አይሠራም» አላት። «ስንመለስ ትደውያለሽ።»

እሺ አለች። እንባዋን ጠረገችና መንገዷን ቀጠለች። አምናዋለች። ለምን አታምነው? በአንድ ገመድ ታስረዋል።

አቶ ውብእሸት ያረፉት በማግስቱ ነው። ማለትም ያን ቀን በሕይወት ነበሩ። ማለትም ያን ስልክ ቢሰጣት ኖሮ ያነሡላት ነበር።

ተመለሱ። አሁን ደግሞ ሰውዬው መርዶውን አቀደ። በጣም አሳምሮ አቀደ። ማን ቀድሞ እንደሚገባ፣ ማን ክንዷን እንደሚይዝ፣ ምግብ ማን እንደሚያመጣ። ንጋት ላይ በሯ አንኳኩተው ገቡ፤ ሁሉም እንደ ሥርዓቱ ሆነ። ጮኸች፤ ያዟት። ሰዎቹ ሲወጡ እንዴት ያለ የተስተካከለ መርዶ ነው ተባባሉ። ይህን የተናገረ አፍ ምን ይባላል?

ለቅሶው ቀለል ሲል ምናሉ ደወለላት። እያለቀሰ ወቀሳት። «ምነው እህቴ፣ ሰው ልከንብሽ አንዴ እንኳ ድምፅሽን ብታሰሚያቸው። ስልኩን ደረታቸው ላይ አድርገው ነው የጠበቁሽ። መጨረሻ ላይ አልደወለችም ወይ አሉ። አልደወለችም አልናቸው። ‹ተዉአት፣ እውነቷን ነው፤ እኔም ነፍጌያታለሁ› አሉ። ከዚያ ወዲያ አልተናገሩም።»

ትርንጎ ወንድሟን አስደግማ ጠየቀችው። ማንን ላክህ? መቼ? እሱም ነገራት። የመጀመሪያውን ቀን ነገራት፤ ነገርካት ወይ ብሎ የጠየቀበትን ነገራት፤ ደውሎ ያልተነሣለትን፣ እሷ በረዶው ላይ የቆመችበትንም ሰዓት ሳያውቅ ነገራት።

ሰውዬው ቤት ሄደች። አልጮኸችም። ለምን ብላ ጠየቀችው። እሱም ሁላችንም የምንለውን አለ፤ «እንዳትደነግጪ ብዬ ነው።»

«መደንገጡ የኔ ነበር» አለችው። «ለምን ወሰድክብኝ?»

ይህን ብላ ወጣች። ሰውዬው አንገቱን ደፋ ይላሉ። ይድፋ። ልጅቷ ግን ከዚያ ወዲህ ምን አገኘች መሰላችሁ? ሽማግሌ አገኘች። ማኅበሩ ተሰብስቦ ሽማግሌ ላከባት። እሱኮ ላንቺ አስቦ ነው፣ ይቅር በይው፣ ነገር አታክርሪ አሏት። ድርቆሽ ስታስር ሰምታ ዝም ያለችው ሴትም አብራ መጣች። ትርንጎ አዳመጠቻቸው።

«ይቅር ብዬዋለሁ» አለቻቸው። «አባቴ ግን አኩርፋኛለች እንዳለ ነው የሞተው። አላኮረፍኩም ብሎ የሚነግርልኝ ሽማግሌ ማንን ልላክ?»

እናንተ መልስ አላችሁ?

እንግዲህ ስለ ኖርዌይ ማውራቱን እንተው። የበረዶውን ነገር እዚያው እንተወው። እዚህ፣ በዚህ አዳራሽ፣ በኪሳችሁ ምን ይዛችኋል?

አንዷ እህታችን የእናቷን የሐኪም ውጤት ይዛ ተቀምጣለች፤ እናት ምን እንደ ያዛቸው አገሩ ሁሉ ያውቃል፣ የማያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሊናገሩት የሚፈልጉት ነገር ይኖራቸው ይሆናል፤ ሊታረቁት የሚፈልጉት ሰው ይኖር ይሆናል። ጊዜያቸውን ማን ሰጣችሁ? አንዱ ወንድም ልጁ ልታገባ ነው፤ ስለ ሙሽራው የሚያውቀውን ከሠርጉ በኋላ ይደርሳል ብሎ ይዞታል፤ ካርዱ ታትሟላ፣ አዳራሹ ተይዟላ። ሌላው ደግሞ ታናሹ ይቅርታ ጠይቅልኝ ብሎ ወደ ታላቁ ልኮት ነበር። ሰሞኑን ሥራ በዝቶበታል፣ በዓሉ ይለፍ ብሎ እስካሁን አልነገረውም። እገሌ ብዬ አልጠራም። የሚያውቅ ያውቃል። የተለወጠ ፊት እያየሁ ነው።

ፍቅር ነው አትበሉኝ። ፍቅር መሆኑን ብቻ አትበሉኝ። ትርንጎ የምትነዳው መኪና ባይኖር ኖሮ ያ ሰው በዚያው ሰዓት ይነግራት ነበር። አዝኖላት አይደለም የደበቀው፤ ያቀደው እንዳይፈርስበት ነው። ከዚያ በኋላ ማዘን የሚል ጨርቅ አለበሰው። እኛም እንደዚያው ነን። የምንፈራው የሚነገረውን ሰው ድንጋጤ አይደለም። የምንፈራው እሱ ሲደነግጥ አጠገቡ መቆሙን ነው። ሥራ ነው እሱ፤ ማልቀስ አለበት፣ ማደር አለበት፣ ጉዞ መሰረዝ አለበት።

እግዚአብሔር እንደኛ ቢሆን ኖሮ የት ነበርን? እንዳትደነግጡ ብዬ ነው ብሎ ኃጢአታችንን ቢደብቀን? ደስታችሁን እንዳልነጥቅባችሁ ብሎ እስከ ፍርድ ቀን ዝም ቢለን? ዝም አላለም። የሚያስደነግጠውን ነገረን፤ ነግሮንም አልሄደም፣ ልጁን ላከልን፣ አጠገባችን ቆመ። ነግሮ አጠገብ መቆም ነው ፍቅር ማለት። ደብቆ ውሃ መክፈት አይደለም።

ያ ሰው ሁሉን ነገር አቅዶ ነበር። ጀልባ ቢያመልጥ ሌላ ጀልባ አለው፤ ዝናብ ቢመጣ መጠለያ አለው። አንድ ያላቀደው የአንድ ሽማግሌ እስትንፋስ ነው። እናንተም ከጉዞው መልስ ትላላችሁ፣ ከፈተናው በኋላ፣ ከሠርጉ በኋላ፣ ከጾሙ በኋላ ትላላችሁ። የሚጠብቃችሁ ሰው በዚያ ሰዓት እንደሚኖር ማን ቃል ገባላችሁ?

ልማዳችን የመዝጊያ መዝሙር ዘምረን፣ ጸልየን፣ ተቃቅፈን መውጣት ነው። ዛሬ እንዲያ አላደርግም። የሰው መልእክት ይዞ የተቀመጠ ካለ አሁን ይነሣ። መዝሙሩን አይጠብቅ፤ ጸሎቱን እኛ እንጨርስለታለን። በሩ ክፍት ነው፤ ማን እንደ ወጣ ዞሮ የሚያይ አይኑር። ግቢው ውስጥ ስልክ ይሠራል። እኔ ራሴ ሞክሬዋለሁ።

ተነሡ። ስልኩን ደረታቸው ላይ ይዘው የሚጠብቁ አሉ።